«ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የአማርኛ መምህራንና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቷል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ዘመን ተሻጋሪ ልቦለዶችንና ግጥሞችን ስናስተምር ተማሪውን «አንተስ ምን ተሰማህ?» እያልን መጠየቃችን ትምህርቱን አርክሶታል፤ መምህሩ ትርጉሙን በሃንድአውት አስቀድሞ ያስረዳ፣ ተማሪው ይያዝ። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ደርድረዋል። የውጭ ሐያስያን ስሜትን ከንባብ አስወጥተዋል፤ የጅማ ተማሪ የጎጃምን ቤተ ክህነት ስለማያውቅ አስቀድሞ ዳራው ሊነገረው ይገባል፤ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም አንድ ወርቅ እንጂ በየአንባቢው ልክ የሚሰፋ ወርቅ የለውም፤ 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል የግል ምላሽ ሊታረም አይችልም፤ ፈተናውም ቢሆን የሚጠይቀው ጭብጥና ገጸ ባሕርይ ነው።

አንዱን ነገር ያለ ክርክር እንቀበላለን። ጸሐፊው የታዘቡት ክፍል በእርግጥ አለ። መምህሩ «ምን ተሰማችሁ?» ይላል፣ ተማሪው «በጣም አሳዘነኝ» ይላል፣ መምህሩ «ጎበዝ፤ ሌላስ?» ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ይህ ትምህርት አይደለም። ጉድለቱ ግን ስሜቱ ከመጠየቁ አልመጣም፤ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ሳይመጣ በመቅረቱ ነው። ተማሪው «አሳዘነኝ» ካለ በኋላ «የትኛው ዓረፍተ ነገር? በዚያ ውስጥ የትኛው ቃል? ቃሉ ቢለወጥ ሐዘኑ ይቀራል?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ስሜቱ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የግል ምላሽ የንባብ መጀመሪያ ነው ስንል ወደ ቃሉ ተመልሶ የሚፈተን መጀመሪያ ማለታችን ነው።

ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው ዊምሳትንና ቢርድስሊን ምስክር ጠርተዋል። ሁለቱ አሜሪካውያን ሐያስያን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጡት መጣጥፍ ግጥምን በሚያሳድረው ስሜት መመዘን ስሕተት ነው ማለታቸው እውነት ነው። የተቃወሙት ግን «አስለቅሶኛልና ግሩም ግጥም ነው» የሚለውን ፍርድ ነው። በዚያው መጣጥፍ ውስጥ አንባቢ ስለ ስሜቱ የሚሰጠው ገለጻ በተብራራና ተለይቶ በተነገረ ቁጥር የስሜቱን ምክንያት፣ ማለትም ግጥሙን ራሱን ወደ መግለጽ እንደሚጠጋም ይናገራሉ። ጸሐፊው ይህችን ክፍል አልጠቀሷትም። የእኛ ሥራ ሁሉ የቆመው ግን በእሷ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምስክራቸው እንግሊዛዊው ሐያሲ ሪቻርድስ ነው። ካምብሪጅ ላይ 13 ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎች ሰጠ፣ የጻፉለትን ሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 አሳተመው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ስተዋል፤ ጸሐፊውም «የካምብሪጅ ተማሪ ካልቻለ የእኛው እንዴት ይችላል?» ወደሚል ድምዳሜ ሄደዋል። የስሕተቶቹን ዓይነት ግን ልብ ይሏል። አንዱ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ የግል ትዝታ ነው። ሌላው አንባቢው ስንኙን በቅጡ ሳያይ ከደረቱ የሚያወጣው የተዘጋጀ ምላሽ ነው። የመጀመሪያው በእርግጥ ካልተገራ የግል ምላሽ የሚመጣ በሽታ ነው። ሁለተኛውን የሚያባብሰው ግን ጸሐፊው መድኃኒት ነው ያሉት፣ ትርጉሙን አስቀድሞ የሚያድለው ሃንድአውት ነው። ሪቻርድስም ካየው ተነሥቶ ለንባብ ሥልጠና ተሟገተ እንጂ አንባቢውን ዝም በል አላለም።

ጸሐፊው ሳያነሷት ያለፏት አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሉዊዝ ሮዘንብላት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የአንባቢ ምላሽ በክፍል ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ የተሟገተችው እሷ «ሁሉም ንባብ ትክክል ነው» አላለችም። ሁለት ማጣሪያ አስቀምጣለች፦ በጽሑፉ ውስጥ ንባቡን የሚያፈርስ ነገር አይኑር፤ በጽሑፉ ውስጥ የቃል መነሻ የሌለው ነገር አይጨመር። እነዚህን ሁለቱን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ብቻ የክፍሉን ወሬ በግማሽ ያስተካክላል።

ሁለተኛው ነጥብ ጅማን በስም ጠርቶ ስለተነሣ ረዘም አድርገን እናየዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ ዓለሙም ጎጃም የሆነ ልቦለድ ነው። ድጓው፣ ቅኔ ቤቱ፣ ጉልቱ፣ ጭሰኛው ከማና፣ ከጎማ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ለመጣ፣ በአፋን ኦሮሞ አፉን ለፈታ ተማሪ ሩቅ ሊሆንበት ይችላል። ጸሐፊው ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ የዘመኑ ታሪክ፣ የደራሲው ሕይወትና ጭብጡ ይሰጥ፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይከፈት ይላሉ።

ይህ የሚያመጣውን እንናገር። ጭብጡ አስቀድሞ የተነገረው ተማሪ የሚያነበው ማስረጃ ለመልቀም ነው። «የፊውዳል ሥርዓት ጭቆና» ተብሎ ከተነገረው የልቦለዱ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ያሰምራል፣ በሚያስቁበት ቦታ ግን አይስቅም። ሐዲስ ፊታውራሪውን ያሸነፏቸው አንባቢውን በእሳቸው ላይ በማሳቅ ጭምር ስለሆነ፣ ያልሳቀ ተማሪ ከሥራው ግማሹ አምልጦታል። ጭብጡን በቃሉ ይወጣዋል፣ ልቦለዱን ግን አላነበበውም።

መደረግ ያለበት ቃልንና ዳራን መለየት ነው። ቃሉ ከንባብ በፊት ይሰጥ። ግማሽ ገጽ ላይ ከ10 እስከ 12 ቃላት፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ፍቺ፦ ስለት፣ ድጓ፣ መሪጌታ፣ ደብተራ፣ ጉልት፣ ጭሰኛ፣ ባላባት፣ እንደዚህ እያለ ይቀጥላል። ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ዳራው፣ ማለትም የመሬት ሥርዓቱና የቤተ ክህነቱ ትምህርት አወቃቀር፣ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን 30 ወይም 40 ገጾች አንብቦ ማስታወሻውን ከጻፈ በኋላ ይምጣ። ያኔ ዳራው ተማሪው ራሱ ላነሣው ጥያቄ መልስ ሆኖ ስለሚመጣ ይያዛል።

«የጅማ ተማሪ የሚያመጣው የለውም» የሚለው ደግሞ ከቶ አያስኬድም። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች፤ ከቤቱ ርቆ፣ የአካባቢው ሰው እያበላው የሚማር ደረሳ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ተማሪ የልቦለዱን የቤተ ክህነት ተማሪ በዛብህን ሲያነብ ደረሳ ቢታየው ያ መነሻ ነው። መምህሩ «የት የት ይመሳሰላሉ?» ብሎ ብቻ ካለፈ ግን ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። «የት ላይ ነው የሚለያዩት?» ሲል ተማሪው ራሱ ስለቱ ላይ ይደርሳል፤ የበዛብህ ወላጆች ልጅ ሳለ ተስለውበታል፣ ስለቱም ከጋብቻ ያግደዋል፣ ደረሳው ግን ተምሮ ሲጨርስ ያገባል። የልቦለዱ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ተማሪው ከሩቅ ተነሥቶ፣ በራሱ መንገድ፣ ለዚያውም በልዩነት በኩል ደረሰበት ማለት ነው።

የጭሰኛውም ነገር እንዲሁ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ስለሆነ በጅማ ዙሪያ የብዙ ተማሪ አያት የጭሰኝነትን ዘመን ያውቃል። አበጀ በለው ገበሬዎቹን ይዞ በፊታውራሪው ላይ ሲነሣ ተማሪው ቤት የሰማውን ቢያመጣ መልካም ነው። ማጣሪያው እዚህም ይሠራል፤ የአያቱ ባለርስት ያደረገውን ፊታውራሪ መሸሻ አደረጉ ብሎ ከጻፈ «የትኛው ገጽ?» ይባላል። ገጹ ከሌለ ይሰረዛል፣ ያለ ቅሬታ።

የቋንቋውንም ነገር ጠቅሰን እንለፍ። የመጀመሪያው ማስታወሻ በአፋን ኦሮሞ፣ በዳውርኛ ወይም በካፍኛ ቢጻፍ ምንም አይደለም፤ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር ግን በአማርኛ እንዳለ ይገልበጥ። የሚቀርበው ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን። ለመጀመሪያው ሐሳብ በማይቀናው ቋንቋ ቃል የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከሰው የሰማውን ሐረግ ነው።

ማስታወሻው ሲባል የሁለት ዓምድ ደብተር ነው። በግራ የተጠቀሰው ቦታ፣ በቀኝ ምላሹ። በሳምንት 90 ገጽ ያህል፣ 5 ማስታወሻ፤ በ6 ሳምንት ልቦለዱ ያልቃል፣ 30 ማስታወሻም ይኖራል። ኅትመቶቹ የገጽ ቁጥራቸው ስለሚለያይና አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ስለሚዞር የገጽ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የአንቀጹን የመጀመሪያ አራት ቃላት መጻፍ ያስፈልጋል። በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሰማው ተማሪ ደግሞ ስሜቱ ከድምፁ ይሁን ከጽሑፉ እንዲለይ ያንኑ ቦታ በዓይኑ ያንብበው። ትረካው ድንቅ በመሆኑ ምክንያት ነው ይህን የምንለው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ግጥም ነው። ጸሐፊው የቅኔን ወግ ጠርተው ወርቁ አንድ ነው፣ መምህሩ ይፈታዋል ብለዋል። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ግን ከዚህ ይለያል። ተማሪው ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ራሱ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ እንዲህ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ተደግሞ አይቀርብም። ተማሪውን ከሁሉ በላይ በራሱ እንዲሠራ ያስገደደውን ትምህርት ለዝም በል ማስረጃ ማድረግ አይሆንም።

ነገሩን በተግባር እንየው። ቀጥሎ ያለው ስንኝ ለዚሁ ማሳያ የሠራነው ነው፤ የማንም ገጣሚ አይደለም፤ ምጣኔው የወል ቤት፣ 6 በ6 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው።

ጎረቤቴ ለቅሞ ጎተራውን ሞላ፣
የኔ ሳይደርስልኝ ወራት መጣ ሌላ።

መምህሩ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለተኛውን ከስድስተኛው ቀለም ላይ ትንሽ እያረፈ። ስለ ስንኙ ምንም አይናገርም። ተማሪዎች 4 ደቂቃ በዝምታ ይሰጣቸውና ያቆማቸው አንድ ቃል ላይ ያሰምራሉ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፦ እዚህ ቃል ላይ ምን አሰብኩ ወይም ተሰማኝ፤ ይህን ያመጣው ቃሉ እንዴት ነው፤ በሌላ ቃል ብተካው ምን ይጠፋል። ከዚያ ለ6 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገራሉ። መምህሩ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ቀድሞ ከተናገረ 60ውም ያሰመሩት ቃል እሱ ያነሣው ይሆናል።

ጅማ ላይ አብዛኛው ተማሪ ቡና ይታየዋል። «ቡና» የሚል ቃል ግን ስንኙ ውስጥ የለም። ያመጣው «ለቅሞ» ነው፤ ጥጥ የሚለቀምበት አገር ልጅ ጥጥ ሊያይ ይችላል። ሁለቱንም ስንኙ አይከለክልም፣ አያስገድድምም፤ ይህን መናገር መቻል ራሱ ትምህርት ነው። ሌላው ተማሪ «የኔ ሳይደርስልኝ» ላይ ቆሞ ሊረዳው ያልመጣ ሰው ይሰማዋል። ሦስተኛው አድጎ ለወግ ያልደረሰ ልጅ ያያል። መተኪያው እዚህ ይሠራል፦ «ሳይበስልልኝ» ብንል ሰብሉ ይቀራል፣ ሰውየው ይጠፋል፤ «ሳይመጣልኝ» ብንል ሰውየው ይቀራል፣ ሰብሉ ይጠፋል። ሁለቱን የያዘው «ደረሰ» ብቻ ነው። ተማሪው ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ትርጓሜ ሳይሸመድድ በእጁ ነካው።

አራተኛው ተማሪ «ጎረቤቱ ሌባ ነው፤ የተራኪውን ሰብል ለቅሞ ወሰደ» ቢልስ? ሁለተኛው ስንኝ የተራኪው ገና እንዳልደረሰ ስለሚናገር ንባቡ ይወድቃል። የጣለው ስንኙ ነው፣ ተማሪውም ያያል። አምስተኛው ቅናት ተሰማኝ ካለ «ጎረቤቴ» እና «የኔ» በየስንኙ ራስ ላይ ፊት ለፊት መቆማቸው ይደግፈዋል፤ ክስ ወይም ስድብ አለመኖሩ ደግሞ ያለዝበዋል። መምህሩ መጀመሪያውኑ «ወርቁ ያልመጣው ሰው ነው» ብሎ ቢፈታው ኖሮ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው አንድ መስመር ማስታወሻ ነበር።

የማይሠራባቸውን መንገዶችም እናውቃቸዋለን። ተማሪው «ከዚህ የምንማረው» ብሎ ከጀመረ ስብከት እየመጣ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በ«እዚህ ቃል ላይ» እንዲጀምር ይመለስለት። ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ጽሑፉ ጠፍቶ የራሱ ሕይወት ብቻ ከቀረ፣ በየሦስቱ ዓረፍተ ነገር አንድ የተጠቀሰ ቃል ግዴታ ይደረግ። መምህሩ ከእሱ ጋር የተስማማውን «ጎበዝ» እያለ ያልተስማማውን በዝምታ ካለፈ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ሁሉ የመምህሩ ድምፅ ይሆናል። ለዚህኛው መድኃኒቱ መምህሩ ዘንድ ነው።

ወደ እርማቱ እንምጣ። ስሜት አይታረምም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ለስሜቱ ዜሮ ነጥብ እንሰጣለን። ከ10 ውስጥ 3ቱ ቦታው በትክክል ለመጠቀሱ፣ 3ቱ ቃሉ ስሜቱን እንዴት እንዳመጣ ለማሳየቱ፣ 2ቱ የሚቃወመውን ቦታ ወይም ሌላ ንባብ ለማየቱ፣ 2ቱ ለቋንቋው። በዚህ ሚዛን «ሰብለ ወንጌል አሰለቸችኝ» ያለ ተማሪ 9 ሊያገኝ፣ «እጅግ ድንቅ መጽሐፍ ነው» ያለው 2 ሊያገኝ ይችላል። ይህ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎችን ያስደነግጣል። መምህራንንም።

የብዛቱ ችግር የሚፈታው ሁሉን ባለማረም ነው። 60 ደብተር በሳምንት የሚሰበስብ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፣ ማቆሙም አይፈረድበትም። በሳምንት 12 ደብተር፣ ለአንዱ 4 ደቂቃ፣ ድምሩ 48 ደቂቃ ነው፤ በ5 ሳምንት ክፍሉ ይዳረሳል። የማን ተራ እንደሚሆን አስቀድሞ አይነገርም። በስድስተኛው ሳምንት ተማሪው ከ30 ማስታወሻዎቹ ሁለቱን መርጦ በአንድ በአንድ ገጽ አስፍቶ ይጽፋል፤ የሚያዘው ነጥብ የዚህ ነው። ሁለት መምህራን ትምህርቱን ከተካፈሉት አስቀድመው አንድ ዓይነት 6 ደብተር ለየብቻ ያርሙ፤ ከ2 ነጥብ በላይ ከተለያዩ ችግሩ ያለው ከመመዘኛው አጻጻፍ ላይ ነውና ያስተካክሉት።

ጸሐፊው የግል ምላሽ ለኩረጃ ይመቻል ብለዋል። የሚኮረጀው የታሪክ ማጠቃለያው ነው፤ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ሞልቷል። ሁለት ደብተር ግን አንድ ቃል ላይ በአንድ ምክንያት ቆሞ ከተገኘ ማንም ያየዋል። ክፍል ውስጥ በ4 ደቂቃ በእጅ የተጻፈችው የመጀመሪያ ማስታወሻም ከኋላ ለሚመጣው ጽሑፍ መመሳከሪያ ትሆናለች።

ስለ ፈተናው ብዙ አንልም። ጭብጥና ገጸ ባሕርይ ከጠየቀ 30 ቦታ በቃሉ ጠቅሶ የሚያስረዳ ተማሪ ይመልሳል። የጉዱ ካሣን ባሕርይ «እብድ ተብሎ የተገለለ አስተዋይ» ብሎ መሸምደድ ይቻላል፤ «ማስረጃ ጥቀስ» ሲባል ግን ሽምደዳው እዚያ ያልቃል።

ጸሐፊው ሳያነሡት የቀሩት ከአምስቱም የከበደ ተቃውሞ አለ፦ የግል ምላሽ ተማሪን ሊያጋልጥ ይችላል። ያለ ፈቃድ ጋብቻ፣ የወላጅ ስለት፣ የቤተሰብ ክብር ያለበት ልቦለድ ሲነበብ ከ60 ተማሪ መካከል ነገሩ በቤቱ ያለ አይጠፋም። ደብተሩን ክፍል ፊት አንብብ ተብሎ ሲታዘዝ አንድም ይዋሻል፣ አንድም ይጎዳል፤ በሁለቱም ትምህርቱ ይበላሻል። እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ጮክ ብሎ የሚነበበው ተማሪው ራሱ የመረጠው ብቻ ነው። መምህሩ እንዳያነበው የሚፈልገውን ገጽ አጥፎ ያስረክባል፤ የታጠፈ ገጽ አይገለጥም፣ ከ5ቱ ማስታወሻ ግን አንድ ሆኖ ይቆጠራል። ጥያቄውም ሁልጊዜ ስለ ቃሉ ይሁን፦ «ይህ በአንተ ላይ ደርሶ ያውቃል?» አይባልም፤ «ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል?» ይባላል። ይህን የማያከብር መምህር ባለበት ክፍል የጸሐፊው ሃንድአውት የተሻለ ነው።